ማቆሚያው ያልተነገረ ቅባት

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውኃ ባለው መስመር አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ግማሽ ቀን ቆሞ የታዘበ ሰው የሚከተለውን ማየቱ አይቀርም። ደንበኛዋ የመድኃኒት ስም አትጠራም፤ የሐኪም ወረቀትም አታወጣም። ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረች ባዶ የቅባት ቲዩብ ፈትታ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለች። ቲዩቧ ከጭራዋ ጀምሮ ተጠቅልላ ተጠቅልላ አልቃለች፤ ወገቧ በምላጭ ተሰንጥቆ ውስጧ በጣት ተጠርጓል። «ይችኑ ስጠኝ» ትላለች። ባለሙያው አየት ያደርግና ከመደርደሪያው መንትያዋን ያወርዳል። ብር ይቆጠራል። ለምን እንደምትቀባ፣ የት እንደምትቀባ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትቀባ የጠየቃት የለም። መቼ እንደምታቆም የነገራትም የለም።

የዝግጅት ክፍላችን ፍርዱን ከወዲሁ ይናገር፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ወጣት ባለሙያ ግን ብቻውን አይደለም። ልክና ገደብ ተሰፍሮለት የተሠራ መድኃኒት እንደ ሻይ ቅጠል ሲቸረቸር እያየ ያለፈ ተቆጣጣሪ፣ «ይህን ተቀቢ» ብሎ «እስከዚህ ቀን» ማለት የረሳ ሐኪም፣ ከድንበር ማዶ የመጣውን ቅባት ከሽቶና ከሳሙና ጋር የደረደረ ባለ ሱቅ፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ይውሰዱ። ታማሚዋ ከዚህ ወቀሳ ውጭ ናት። አሳከካት፣ ቀባች፣ ተሻላት፣ አለቀባት፣ ደግማ ገዛች። ከዓመት በኋላ ፊቷ እንደ እሳት ሲነድድ ጎረቤቱ ሁሉ «ችፌው ባሰባት» ይላል። የባሰባት ነገር ችፌው ላይሆን እንደሚችል ግን ማንም አልነገራትም።

ችፌን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ሕፃኑ ጉንጩ ላይ ሲወጣበት «ሸረሪት ሸንቶበት ነው» ይባላል፤ ከፍ ሲል ወደ ክርኑና ወደ ጉልበቱ እጥፋት ይወርዳል፤ ሲያክክ ያደረበት አንሶላ ጠዋት በደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ይገኛል። በሽታው አይጋባም። አስም ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። ሥሩ የቆዳው አጥር መላላት ነው፤ ከውስጥ እርጥበቱ ይተናል፣ ከውጭ አቧራው፣ ሳሙናውና ላቡ ይገባል፣ ሰውነትም ይቆጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ መልኩ የውጭ መጻሕፍት እንደሚያሳዩት ቀይ አይደለም፤ ይጠቁራል፣ አመድማ ይሆናል፣ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ሲድንም ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ ያን ምልክት ለማጥፋት መቀባቱን ይቀጥላል፤ መንሸራተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። የከተሜ በሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ በጅማና በቡታጅራ አካባቢ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን የእኛው አገር ልጆች ችግር መሆኑን ካሳዩ ቆይተዋል።

ያች ቲዩብ የያዘችው፣ የቆዳን ቁጣ የሚያበርደው ስቴሮይድ ቅባት ለዚህ ሕመም የተገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ሳንል ብናልፍ ዋሾ እንባላለን። በ1952 እ.ኤ.አ. ማሪዮን ሱልዝበርገርና ቪክተር ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን ቆዳ ላይ ተቀብቶ እንደሚሠራ ካሳወቁ ወዲህ ሌሊቱን ሲያክክ ያድር የነበረ ልጅ በጥቂት ቀን ውስጥ እንቅልፍ አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን እየበረቱ ሄዱ። ቤታሜታሶን መጣ፤ ከሁሉ የሚያይለው ክሎቤታሶልም መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባትን አንዲት ነገር እናንሣ። ሃይድሮኮርቲዞን ቲዩብ ላይ 1 በመቶ ተብሎ ይጻፋል፤ ክሎቤታሶል ላይ 0.05 በመቶ። ቁጥሩን ያነበበ ሰው ሁለተኛዋ ሃያ እጅ የቀለለች ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባለ 0.05ቷ ከባለ 1ዱ በመቶዎች እጥፍ ትበረታለች። የአምራቾች መመሪያም ክሎቤታሶልን ከ2 ተከታታይ ሳምንት በላይ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም በላይ አትቀቡ ይላል። መመሪያው የተጻፈው ሳጥኑ ውስጥ በታጠፈች ስስ ወረቀት ላይ በባዕድ ቋንቋ፣ ለዐይን በሚያስቸግር ፊደል ነው። ደግሞስ ሳጥኑን ማን ይዞት ይሄዳል?

የሚቀባው ቦታም ይዘነጋል። ቆዳ ሁሉ እኩል አይጠጣም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሃይድሮኮርቲዞን የተደረገ የታወቀ ልኬት እንደሚለው የክንድ ውስጠኛ ገጽ 1 እጅ ቢያስገባ ግንባር 6 እጅ፣ የቆለጥ ከረጢት 42 እጅ ያስገባል። ተረከዝ ላይ ወር ሙሉ ተቀብቶ ምንም ያላመጣ ቅባት ዐይን ቆብ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ግላኮማና የዐይን ሞራ እስከ ማምጣት ይደርሳል። «ለእግሬ የሰጡኝን ለልጄ ጉንጭ ቀባሁለት» የሚል ወላጅ ክፋት የለበትም። የሚያውቀው አንድ ቅባት ብቻ ነው፤ እሱም ሠርቶለታል።

መተማን አንባቢ የሚያውቃት በሌላ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ወር የወደቁባት ምድር፣ የሰሊጥና የጥጥ አገር፣ ከሱዳኗ ጋላባት ፊት ለፊት የቆመች በር። ለተቆጣ ቆዳ ግን ክፉ ምድር ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰሊጡ ሲደርስ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ የሚባለው የጉልበት ሠራተኛ ዋልካው ላይ ግራር ሥር ያድራል፤ ገላውን የሚታጠበው ውኃ ባገኘ ቀን፣ ያውም በልብስ ሳሙና ነው። ላቡ የተላጠው ቆዳ ላይ ሲወርድ እንደ ጨው ያቃጥላል። በዚህ ኑሮ ውስጥ «ቫዝሊን እየተቀባህ ተኛ» ብሎ መምከር ከደጋ ቢሮ ሆኖ ይቀላል። ቫዝሊን በዚያ ሙቀት ቀን ላይ ሲቀቡት ይቀልጣል፣ ላቡን ያፍናል፣ አቧራውን ይሰበስባል፤ ሰውየው በሁለተኛው ቀን ቢተወው አይፈረድበትም። የሚያዋጣው ማታ ከታጠቡ በኋላ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሳሳ አድርጎ መቀባት ነው። ይህን ለማለት ቆላ ወርዶ ማየት ይጠይቃል።

ከዚህ የከፋም አለ። በዚህ ምድር የሚያሳክክና የሚያብጥ ሁሉ ችፌ አይደለም። እከክ አለ፤ ጭርት አለ፤ ቋቁቻ አለ፤ ሥጋ ደዌም ከአገራችን ፈጽሞ አልጠፋም። ካላዛር ደግሞ ከመተማ እስከ ሁመራ ያለውን ቆላ ቤቴ ብሎ ከተቀመጠ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ታክሞ የዳነ ሰው ላይ እንኳ ከወራት በኋላ ፊቱን ጀምሮ የሚወጣ፣ አንዳንዴ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴ እባጭ የሚመስል ሽፍታ ያስከትላል። በሱዳን በኩል ይህ ሽፍታ ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ሲወጣ ታይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተነሣው ጦርነት በመተማ በር ብዙ ሰው አስገብቷል፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎችም ሰፍሮ ነበር። ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት ድንኳን እከክ በቀላሉ እንደሚዛመት የታወቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ በሌላኛዋ የድንበር ከተማችን በሞያሌ ተገኘ። ድንበር ከተማ ላይ «ሽፍታ ወጣብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ከቅባት በፊት ጥያቄ መቅደም አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ሲሸሽግስ ምን ይባላል? ስቴሮይድ ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩ ጋብ ይላል፤ ክብ ጠርዙ ይጠፋል፤ ቅላቱ ይከስማል። ታማሚውም ሻጩም «ያዘለት» ይላሉ። ፈንገሱ ግን የሰውነቱ መከላከያ ስለተኛለት ከሥር ተደላድሎ ይሰፋል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የጭርት መልክ ስለሌለው ሐኪሙንም ያሳስታል። በገበያው ላይ ስቴሮይዱን ከፀረ ፈንገስና ከፀረ ባክቴሪያ ጋር በአንድ ቲዩብ የደባለቁ ቅባቶች አሉ። «አንዱ ካልሠራ ሌላው ይሠራል» በሚል ስሌት የሚወደዱ ናቸው። ህንድ ውስጥ እነዚህ ድብልቆች በየመንደሩ ያለ ማዘዣ ሲቸበቸቡ ከርመው የተለመደው መድኃኒት የማይበግረው ጭርት ተስፋፋ፤ የፊት ቆዳቸው በስቴሮይድ የተጎዳ ሰዎችም ስለበዙ የአገሪቱ የቆዳ ሐኪሞች ለጉዳቱ ራሱን የቻለ ስም አወጡለት። መንግሥታቸውም በ2018 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን ስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ ደነገገ። ከውጭ የምናስገባው መድኃኒት ከፍ ያለ ድርሻ ከዚያች አገር የሚመጣ ነው። ቅባቱን ስናስገባ ልምዱንም አብረን ብናስገባ ምን ነበረበት?

ስለ ማቅያ ቅባት ብዙ አንልም። «ፊት ያጠራል፣ ማድያት ያጠፋል» እየተባለ በየገበያው በትንሽ ዕቃ ተሞልቶ የሚሸጠው፣ ውስጡ ያለው ያልተጻፈበት ቅባት ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖርበት እንደሚችል በብዙ አገር ተመርምሮ የታወቀ ነው። ያልተጻፈበትን ነገር ፊት ላይ መቀባት ያልታወቀ ሰው የሰጠውን ክኒን ከመዋጥ አይለይም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ቡና የለመደ ሰው ጠዋት ቡናው ሲቀርበት ራሱን ይመታዋል፤ ሐራራ ያዘኝ ይላል። ቆዳም ሐራራ ይይዘዋል። ለወራት፣ ለዓመታት በየቀኑ ብርቱ ስቴሮይድ ሲቀባ የኖረ ፊት ቅባቱ በቀረ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይነሣል። የደም ሥሮቹ ይለጠጣሉ፤ ቆዳው ይግላል። ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠሉ ይበረታል፤ ታማሚዎች ሲናገሩ «በርበሬ የተነሰነሰብኝ ያህል» ቢሉ የሚያስገርም አይደለም። ዐይን ሥር ያብጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያ ይላጣል፣ አልጋው ላይ እንደ ገለባ ይራገፋል። አንዳንዱ ላይ ብጉር መሰል እባጭ ይወጣል። በቀይ ዳማ ሰው ላይ ቅላቱ ጎልቶ ይታያል፤ በጠይም ሰው ላይ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁረት ስለሚያደላ ሐኪም እንኳ ቶሎ ላያየው ይችላል፤ የሚቃጠለው ሰው ግን ያውቀዋል። ቅባቱ ፈጽሞ ያልነካው ቦታም አንዳንዴ ይከተላል። እንቅልፍ የለም። ሰውየው ሙቅ ውኃ ይፈራል፣ ፀሐይ ይፈራል፣ ሰው ፊት መቅረብ ያፍራል።

ታዲያ በዚህ መካከል አንድ ነገር ብቻ ያስታግሰዋል፤ ያችው ቲዩብ። ይቀባታል። በአንድ ሌሊት ይበርድለታል። «አየህ፣ ችፌዬ ነው፣ መድኃኒቴ ይህ ነው» ይላል፤ ደግሞ ይገዛል። ወጥመዱ ይኸው ነው። ሐራራ ስላልን ታማሚውን ሱሰኛ አላልነውም፤ የለመደው ቆዳው ነው፣ እሱ አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አልበርት ክሊግማን የተባሉት አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር በ1979 እ.ኤ.አ. ይህንኑ «የስቴሮይድ ሱስ» ብለው ጽፈውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ቅኝት የተመዘገቡትን ታማሚዎች ሰብስቦ ሲያይ አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው፣ ቅባቱም ብርቱ ወይም መካከለኛ፣ የተቀባውም ፊት ወይም ብልት አካባቢ ሆኖ አገኘው። የብሪታንያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2021 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞችና ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በየቲዩቡ ላይ የብርታቱ ደረጃ በግልጽ ቃል እንዲጻፍ ወሰነ። አሁንም ሁሉ ሐኪም አልተስማማም፤ አንዱ «ያገረሸ ችፌ ነው» ሲል ሌላው «የራሱ ጠባይ ያለው ሕመም ነው» ይላል። ለእኛ አገር ክርክሩ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገን ለወራት ያለ ክትትል መቀባቱን ልክ ነው አላሉም።

ከባንኮኒው ጥፋት ቀጥሎ የምንወቅሰው ሌላም ወገን አለ። «ስቴሮይድ መርዝ ነው፣ ዛሬውኑ ጣሉት» የሚለው ወሬ ነው። ይህን ሰምታ ለሁለት ሳምንት ብቻ የታዘዘላትን ቀላል ቅባት የወረወረች እናት ልጇን ለማያባራ ማከክ፣ ለቁስልና ለምርቅዘት አሳልፋ ትሰጣለች። ችፌ ያለበት ልጅ ላይ የከንፈር ምች የሚያመጣው ቫይረስ ሲገባ በአንድ ጊዜ ሰውነቱን ሊያዳርስና ሕይወቱን ሊያሰጋ ይችላል፤ ካልታከመ ችፌም ሰው ይጎዳል። በአንጻሩ ሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ብርቱ ቅባት ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የኖረ ሰው፣ ይልቁንም ልጅ፣ በድንገት ሲያቆም አደጋው ከቆዳ ሊያልፍ ይችላል። ሰውነት ስቴሮይዱ ከውጭ ስለተሰጠው ኮርቲዞል የተባለውን የራሱን ስቴሮይድ ማመንጨት ያቆማል፤ ቅባቱ ሲቀር ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ይህ ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ነው።

ስለዚህ ማቆሙ ራሱ ሕክምና ነው። ሐኪሞች በአንድ መንገድ አይሄዱም፤ አንዱ ወደ ደካማው እያወረደ ቀናቱን ያራርቃል፣ ሌላው እንደ ቦታውና እንደ ዕድሜው በአንድ ጊዜ ያስቆማል። በሁለቱም መንገድ ታማሚው ብቻውን አይተውም። ጊዜውም ይነገረዋል፤ ሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ወራት ሊሆን ይችላል፣ ጥቂቶች ላይ ከዓመት ያልፋል። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ፣ አጭር የተቆረጠ ጥፍር፣ ካመረቀዘ ደግሞ የምርቅዘቱ መድኃኒት ያግዙታል። ታክሮሊመስ የሚባለው ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ለፊት የተሻለ አማራጭ ነው፤ መተማ ላይ ተገኝቶ፣ ተገኝቶም በሰው አቅም ከሆነ። በሀብታም አገሮች በመርፌ የሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር ስለሚያስወጡ እዚህ ብናነሣቸው ቀልድ ይሆናል።

ቅባቱን በልኩ መቀባትም ይቻላል፤ ልኩም ሚዛን አይፈልግም። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው የአንጓ መስመር የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳ ይበቃል። ባለ 15 ግራሟ ቲዩብ እንዲህ ያለ 30 ጊዜ አላት። ሲበርድ ይቆማል። እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ቦታ ደግሞ ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሊያዝ ይችላል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እስከ ዛሬ የጠፋው ያ አምስት ደቂቃ ነው።

ማን ምን ያድርግ ከተባለ ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒት በማን እጅ፣ እንዴት ለሰው መድረስ እንዳለበት ያለ መመሪያ የተተወ አይደለም። የጎደለው እግር ነው፤ ገንዳ ውኃ፣ ሸንፋ፣ ኮኪት ድረስ ሄዶ መደርደሪያ የሚያይ እግር። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የክልሉ ተቆጣጣሪ ክሎቤታሶልንና መሰሎቹን ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ይጠይቁ። አስመጪው በየቲዩቡ ላይ «ደካማ»፣ «መካከለኛ»፣ «ብርቱ»፣ «እጅግ ብርቱ» የሚል የአማርኛ ቃል እንዲለጥፍ ያስገድዱ፤ ብሪታንያ ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ የሚጠይቀውም ተለጣፊ ወረቀት ነው። ጉምሩኩም ሻንጣ ሲፈትሽ ከጫማና ከሽቶ ሥር ያለውን ቲዩብ መድኃኒት መሆኑን ይወቅ።

መድኃኒት ቤቶችን የምንጠይቀው አንድ እስክሪብቶ ነው። የመጨረሻውን ቀን ቲዩቧ ላይ ይጻፉት፤ «እስከ ኅዳር 12» ብለው። ባዶ ቲዩብ ይዛ የመጣችውን ሴት ደግሞ ዝም ብለው አይሸኟት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምትቀባ ይጠይቋት፣ ከወር በላይ ከሆነም ወደ ሐኪም ይላኳት። ደንበኛ ይሸሸናል የሚል ሙግት እንሰማለን። ጎረቤቱም ከጠየቃት የት ትሸሻለች?

የጤና ተቋማቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የቆዳ ስፔሻሊስት ለማግኘት ከመተማ ወደ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እዚያ እስኪደርስ የሰሊጥ አጨዳው ያልቃል፣ ሳሉጉም ወደ ቀዬው ይመለሳል። ስለዚህ ዕውቀቱ ወደ ሰውየው መውረድ አለበት። አገራችን ይህን ታውቅበታለች፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሥጋ ደዌን ሲታገል ኖሯል፤ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ በወሎ ለቆዳ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ የቆዳ ሕክምና ከዋና ከተማ ግቢ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። በገንዳ ውኃ ያለው ሆስፒታል ካላዛርን ያክማል፤ ካላዛርን የሚያክም እጅ ችፌን ከጭርትና ከእከክ ለመለየት ሥልጠናና ጊዜ እንጂ ሌላ የሚጎድለው የለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአጨዳው ወራት አንድ ሳምንት ወደ ቆላው ቢወርዱ በዓመት ያላዩትን ያያሉ። ጤና ጣቢያውም ስቴሮይዱን ሲሰጥ ማለስለሻውን አብሮ ይስጥ፤ ቅባት ሰጥቶ ማለስለሻ መንፈግ ቁስል አሽሮ ጫማ እንደ መንፈግ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የቆዳ በሽታዎችን ዓለም አቀፍ የጤና ትኩረት አድርጎ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ጄኔቫ ላይ ነው፤ የሚለካው ግን እዚህ ኮኪት ላይ ነው።

ቅባቱን ይዛችሁ ቤት ለተቀመጣችሁ አንባብያን የምንለው ይህን ነው። ለጥቂት ቀን ታዝዞላችሁ ከሆነ እንደታዘዘላችሁ ተቀቡት፤ አትፍሩት። ለወራት ስትቀቡ ከኖራችሁ ዛሬ ሌሊት በገዛ እጃችሁ አትቁረጡት። ስታቆሙ ፊታችሁ ከነደደ፣ ልጃችሁ ከደከመና ካስመለሰ፣ ሽፍታው ውኃ ቋጥሮ ከተስፋፋ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ባዶዋን ቲዩብም አትጣሏት፤ በላስቲክ ቋጥራችሁ ውሰዷትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት። ሐኪሙ ስሟን ያንብብ፤ እናንተም ስንት ወር እንደተቀባችኋት ሳትቀንሱ ንገሩት።